ሁለት ጣት የቀራት ሥር

ጥር 13፣ ጎንደር

ጥምቀት አልፏል። ከተማው ገና ከበዓሉ ድካም አልተነሳም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አፄ ፋሲል መዋኛ ስደርስ ጥበቃውና ሁለት ጠራጊ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከትናንት በስቲያ እግር መጣያ ያልነበረው ሣር ላይ የሻማ ቁራጭና የተረገጠ ሎሚ ወድቋል።

የመጣሁት ለገንዳው አይደለም። ለድንጋይ አጥሩ ነው። ልክ ለመናገር፣ አጥሩን ላቀፉት ሥሮች።

ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ዛፎቹ የበቀሉት ግንቡ ላይ ነው። ሥራቸው እንደ ቀለጠ ሻማ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። በሁለት ድንጋይ መሃል ይገባል፣ ከታች ይወጣል፣ ከሌላ ሥር ጋር ይጋጠማል። አንዱን ቦታ በመዳፌ ዳሰስኩት። ድንጋዩ የት አልቆ ሥሩ የት እንደሚጀምር በዓይን አይለይም። በእጅ ግን ይለያል፤ በጠዋት ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

ልጆች ሆነን እነዚህ ሥሮች ላይ ተቀምጠን ነበር ጎረምሶቹ ወደ ውኃው ሲወረወሩ የምናየው። ቤታችን ውስጥ ስለነሱ የማያልቅ ክርክር ነበር። አጎቴ "ግንቡን እየበላው ያለው ይሄ ዛፍ ነው" ይላል። አያቴ ደግሞ "ዝም በል፣ ይሄ ዛፍ ባይዘው ግንቡ ድሮ ነበር የሚፈርሰው" ትለዋለች። በየዓመቱ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ያው ክርክር። አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ክርክሩ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ካምቦዲያ ውስጥ ታ ፕሮም የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ጃያቫርማን ሰባተኛ በ1186 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው። እዚያም ዛፎች ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን በግድግዳው ላይ ለቀውታል። ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ ጎንደር ነው።

ግን ዛፉ ይህን ሙያ የተማረው ግንብ ላይ አይደለም። ግንብ ሳይኖር፣ ሰው ሳይኖር፣ ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ የሚያቅፈው ሌላ ዛፍ ነው። እሱን በዓይኔ ለማየት ወደ ከፋ ልሄድ ነው።

ጥር 15፣ ወደ ጅማ

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሳን። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ቡና። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። ወንዙ ከመድረሳችን በፊት ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክ ይዘው ከመኪናው ሥር ገቡ። እኛ ተሳፋሪዎቹ ያለ ምክክር ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄድን። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ።

ሃያ ምናምን ሰው ጥላው ሥር ተቀመጥን። አንዲት እናት ጨርቅ አንጥፋ ሕፃኗን አስተኛች። አንድ ሽማግሌ "ኦዳ ሥር የተቀመጠ ሰው አይጣላም" አሉ። ኦሮምኛ ሾላን ኦዳ ይለዋል። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው ኦዳ ሥር ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ዓርማ ላይ ያለውም እሱ ነው። በአማርኛም ቢሆን ሽምግልናው፣ ዕድሩ፣ ገበያው ዋርካ ሥር ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት "ዋርካው ወደቀ" እንላለን።

አርባ ደቂቃ ቆየን። ጅማ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው።

ጥር 16፣ ወደ ቦንጋ

ከጅማ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ አየሩ ተለወጠ። ጉም አለ፣ እርጥበት አለ። የመንገዱ ዳር አፈር ቀይ ነው። ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው።

ጫካው ከመጀመሩ በፊት ሜዳው ላይ ብቻቸውን የቆሙ ዋርካዎች ይታያሉ። ዙሪያቸው ተመንጥሮ በቆሎና ጤፍ ሆኗል፣ እነሱ ግን ቀርተዋል። ገበሬ ዋርካ መቁረጥ አይወድም። ጥላው ለከብት ነው፣ ለሰው ነው። እንጨቱም ለጣውላ አይሆንም። ብቻቸውን ሲታዩ ያምራሉ፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። አንዱ ግንድ መሃል ላይ ባዶ ነው፤ ብርሃን ከወዲያ ወዲህ ያሳልፋል። ያ ባዶ ቦታ ድሮ ሌላ ዛፍ የቆመበት ሊሆን ይችላል። ጫካው ከጠፋ በኋላም ዋርካው የአንድ የጫካ ዛፍ ቅርጽ በሆዱ ይዞ ቆሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዝምድናውን ላስረዳ፣ ኋላ እንዳንደናገር። ሾላ፣ ዋርካ፣ ጭብሃ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው በለስ፣ ሁሉም የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ ከ750 በላይ ዓይነት አላቸው። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሕይወታቸውን የሚጀምሩት ሌላ ዛፍ ላይ ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ የተሸከማቸውን ዛፍ አንቀው ይገድላሉ። "አናቂ" የሚል ስም የወጣላቸው ለዚህ ነው።

ቦንጋ ሲደርሱ ከተማው ከኮረብታ ኮረብታ ተበታትኖ ነው የሚታየው። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ቡና ያለ ተካይ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። ማታ ያረፍኩበት ቤት ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ ቀጥሎም ቡና። ሦስተኛውን ስጠጣ ውጭ ዝናብ ጀመረ። በጥር።

ጥር 17፣ ጫካው

የሚመሩኝ ሰው ንብ አናቢ ናቸው። ስማቸውን ሳልጽፍ ጋሼ ልበላቸው፣ እንደዚያ ነበር የምጠራቸው። ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ገጀራ፣ የገመድ ጥቅልና የፕላስቲክ ቦቲ። የኔን ጫማ አይተው ምንም አላሉም። ከጎረቤት ሌላ ቦቲ አስመጡልኝ።

የጫካው ውስጥ ከውጭው ይጨልማል። ከታች ቡናው ቀጭን ሆኖ ወደ ብርሃን ተስቦ ቆሟል። ኮረሪማው በእግራችን ሥር ነው። ጋሼ አንድ ሐረግ ላይ ያለ ጥምዝ ቀንጥበው ሰጡኝ፣ ስነክሰው አፌን አቃጠለኝ። ከላይ ደግሞ ቀረሮው አለ፤ ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅርንጫፍ የሚጀምረው ሰማይ ጥግ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ጋሼ ቆሙ። "ወደ ላይ እይ" አሉኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ክር ነው። ከላይ፣ ከሃያ ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ፣ ሲባጎ የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሐረግ መሰሉኝ። "ሐረግ አይደለም። ሐረግ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ይሄ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው" አሉ ጋሼ። ሥር ነው። ገና መሬት ያልነካ ሥር።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ወፍ ወይም ጦጣ ወይም የሌሊት ወፍ የዋርካ ፍሬ ይበላል። ሌላ ዛፍ ላይ ሄዶ ይጥላል። ፍሬዋ የቅርንጫፍ ብብት ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ካረፈች ትበቅላለች። ብርሃን ሞልቷል፤ ያጣችው ውኃ ነው። እዚያ ላይ አፈር የለም። ዝናብ ከመጣ ትጠጣለች፣ ካልመጣ ትጠብቃለች። ስለዚህ ለዓመታት ትንሽ ሆና ትቆያለች። በዚያ ጊዜ ሁሉ ግን ሥሯን ወደ ታች ትልካለች። አንዱን በግንዱ ላይ እያስታከከች፣ ሌላውን በባዶ አየር ላይ ለቃ።

ብዙ ሰው "ጥገኛ" ይለዋል። አይደለም። ከተሸከመው ዛፍ ደም አይመጥም። ትከሻውን ብቻ ነው የተዋሰው።

አንዷ ሥር ዝቅ ብላ ትደርሰኛለች። ጫፏን በሁለት ጣት ያዝኩት። እንደ ችቦ እንጨት ደረቅ መስሎኝ ነበር። ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ነው። ከጫፉ በላይ ቡናማ ሲሆን ጫፉ ራሱ ግን ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የሚያሳሳ። ጋሼ "ተጠንቀቂ ልጄ፣ ከተሰበረች ወተት ነው የምታለቅሰው" አሉኝ። ለቀቅኳት።

ሥሯ መሬት የነካች ቀን ሁሉም ነገር ይለወጣል። የአፈር ውኃ ታገኛለች። ለዓመታት ያላደገው ዛፍ ድንገት ይፋጠናል። ሲባጎው ገመድ ይሆናል፣ ገመዱ ክንድ ይሆናል። ሥርና ሥር በተነካኩበት ቦታ ልጣጫቸው ተፋፍቆ አንድ ላይ ይገጥማል። ግንዱ ዙሪያ መረብ ይሠራል።

ከዚያ ከመቶ እርምጃ በኋላ መጨረሻውን አየሁት።

ከሩቅ አንድ ትልቅ ዛፍ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ግንዱ ግንድ አይደለም። የሥር ጥልፍልፍ ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ እጅ ያስገባል፣ አንዳንዱ ጭንቅላት። በአንድ በኩል እኔ ራሴ በጎን ልገባበት የምችል ክፍተት አለ። ገባሁ። ውስጡ ባዶ ነው። ጎጆ ቤት ያህላል፣ ትንሽዬ ጎጆ። መሬቱ ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ በእጄ ስዘግነው እርጥብ ነው፣ የእንጉዳይ ሽታ አለው። ያ የቀረሮው ግንድ ነው። ከሱ የቀረው ያ ነው። ወደ ላይ ሳይ ጥልፍልፉ እስከ ላይ ይሄዳል፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ብርሃን በየአቅጣጫው ይገባል። የሞተውን ዛፍ መጠን፣ ወርዱን፣ ያዘመመበትን ጎን ሳይቀር ባዶው ቦታ ያሳያል።

አለቀስኩ ብል አላፍርም። ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ለሟቹ ይሁን ለቆመው።

ጋሼ ከውጭ ሆነው "ስንት ዘመን ቆሞ ነበር መሰለሽ። እኔ ሳውቀው ባዶ ነው። አባቴም ባዶ እንደሆነ ነው የሚያውቁት" አሉ።

"አንቆ ገደለው" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ወፍሮ መረቡ ላይ ሲደርስ የምግብ መተላለፊያው ይታፈናል፣ ይህ ልክ ነው። ግን ከላይ ደግሞ የዋርካው ቅጠል ብርሃኑን ይወስድበታል፣ ከታች ሥሩ ውኃውን ይሻማዋል። የዘንባባ ዓይነቶች እንደ ሌላው ዛፍ እየወፈሩ ስለማይሄዱ መታነቁ ብዙም አይጎዳቸውም፤ ጥላው ግን ሊጥላቸው ይችላል። ስለዚህ ገዳዩ አንድ እጅ አይደለም። ጊዜውም ረጅም ነው፤ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

አያቴ ብትሰማው የምትወደው ደግሞ ይኸኛው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ላሚንግተን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከባድ ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች የወደቁትንና የቆሙትን ዛፎች ተመለከቱ። አናቂው ያቀፋቸው ዛፎች ከሥራቸው ተነቅለው የወደቁት ካልታቀፉት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ሥር እንደ ድንኳን ገመድ ይወጥራቸዋል። ዛፉ የሚገድለውን ዛፍ እስኪገድለው ድረስ ደግፎ ያቆመዋል።

አጎቴም አያቴም ልክ ነበሩ። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ላይ ቆመው ነበር የሚከራከሩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ያንን የጎጆ ዛፍ አልፈው ሲሄዱ እንደ ጎረቤት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ቀፎ የሚሰቅሉት እዚያ ላይ ነው። "ቀረሮ ላይ ለመውጣት ገመድ ነው፣ ጉልበት ነው፣ ዕድሜም ነው። ይሄ ግን መሰላሉን ራሱ ሠርቶ ይጠብቅሻል" አሉ።

ጥር 18፣ ፍሬው

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍሬ ካፈራ አንድ ዋርካ ሥር ነበርን። ጋሼ "ገበያ ልውሰድሽ" ብለውኝ ነበር። በእርግጥም ገበያ ነው። መጀመሪያ ጉሬዛዎች መጡ፣ ነጭ ጭራቸው ከቅጠሉ መሃል እንደ ነጠላ ይወርዳል። ከዚያ ጦጣዎች። ከዚያ ከላይ "ሁፍ፣ ሁፍ፣ ሁፍ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የአንጥረኛ ወናፍ ይመስላል። የእርኩም ዘመድ የሆነ ወፍ ነው፣ ግን የዛፍ ነዋሪ። ምንቃሩ ላይ እንደ ራስ ቁር የተደረበ ነገር አለው። ክንፉ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ጥንድ ሆነው መጡና አንዱ ፍሬ ቀጥፎ ወደ ላይ ወርውሮ ዋጠው።

ጉሬዛ የሰበረው ቅርንጫፍ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁ። ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፣ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ጋሼ ቢላቸውን አዋሱኝ። ለሁለት ከፈልኩት።

"ሾላ በድፍን" የምንለው ትዝ ይላችሁ። ነገሩን ሳይገልጥ በሽፍን ለሚናገር ሰው የምንለው ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ዘር አበባ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። "ዋርካ አያብብም" የሚለው ሰው ያልከፈተው ሰው ነው። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ አበቦች ግድግዳውን ሞልተውታል።

መሃላቸው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ከትንኝ ያነሰች ጥቁር ተርብ። አንዷ ቢላው ስለት ላይ ወጣች፣ ክንፏን አራገበች፣ በረረች። ልጆች ሆነን ሾላ ስንበላ ከፍተን "እፍ" እያልን የምናስወጣቸው እነሱ ነበሩ። ቆሻሻ ይመስሉን ነበር። ያለነሱ ግን ሾላ የለም።

እናቲቱ በፍሬው እምብርት ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ትገባለች። ቀዳዳዋ ከመጥበቧ የተነሳ ክንፏ ይቀነጠሳል። መውጫ የላትም። ከተወለደችበት ፍሬ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ወንዶቹ ክንፍ ሳይኖራቸው ይፈለፈላሉ፤ ከሴቶቹ ጋር ተገናኝተው ግድግዳውን ቦርቡረው መንገድ ያወጡላቸዋል። ብርሃን ለማየት ሳይሆን ለሌላው በር ለመክፈት። ሴቶቹ ብናኙን ተሸክመው ይወጣሉ። ሌላ ፍሬ ያለው የዚያው ዓይነት ዛፍ ለማግኘት ያላቸው ዕድሜ ከአንድ ሁለት ቀን ብዙም አይዘልም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፣ እኔም የገባኝ ቢላውን ይዤ እንደቆምኩ ነው። ተርቧ ቀናት ብቻ ከሆነ ዕድሜዋ፣ በየትኛውም ወር ጫካው ውስጥ የሆነ ዛፍ ፍሬ መያዝ አለበት። ስለዚህ እነዚህ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት አያፈሩም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶ በሆነበት ወር ጉሬዛውና ወፉ የሚበሉት ይህን ነው። ለአንዲት ከትንኝ ላነሰች ፍጥረት ሲባል የተሰናዳ ማዕድ ጫካውን ሙሉ ያበላል። የበላውም ዘሩን ይዞ ይሄዳል፣ የቅርንጫፍ ብብት ላይ ይጥላል።

ይህ የሚሆነው ግን ዛፎቹ በቂ ሆነው ሲገኙ ነው። ከትናንት በስቲያ ሜዳ ላይ ያየሁት ብቸኛ ዋርካ ተርቧ ካልደረሰችለት ዘር አይቋጥርም። ያኔ ደስ ያላለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። "ዋርካውን አልቆረጥነውም" ማለት አይበቃም። ጎረቤቱን ሁሉ ቆርጠንበታል።

ጥር 19፣ ቦንጋ

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና የሚነሳው ከሰዓት ነበር። ጠዋት ጋሼን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ያቺን የመጀመሪያዋን ሥር፣ ሲባጎዋን፣ ደግመን እንድናያት።

ሄድን። እንዳለች ናት። ጫፏ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ክንዳቸውን ከመሬት አስጠግተው ለኩ። አንድ ክንድ ከስንዝር ቀርቷታል። "መቼ ትደርሳለች?" አልኳቸው። "እኔ ምን አውቄ፣ እሷን ጠይቂ" አሉኝ። ከዚያ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። "ቀፎ ላይ ስመጣ አያታለሁ። እደውልልሻለሁ" አሉ።

ይህን የምጽፈው በሰኔ ነው። ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከኋላቸው ዝናብ ይሰማል። ሰላምታውን ጨርሰው፣ የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቀው፣ የማሩን ወሬ ነግረውኝ፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አስታወሱ።

"ያቺ ልጅሽ" አሉኝ። "ሁለት ጣት ቀርቷታል።"